ትንሿ የኦስቲን ሂሊ ስፕራይት መኪና፤ አሠራሯ፣ እርጅናዋና የእድሳቷ ጥያቄ

ታሪክ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን የነገሥታት ሥራ፣ የጦርነት ውሎና የውል ወረቀት ነው። ነገር ግን አንድ ሕዝብ በአንድ ዘመን እንዴት ይኖር እንደ ነበረ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ያ ሕዝብ በእጁ ሠርቶ የተጠቀመባቸውን፣ በኋላም የጣላቸውን ዕቃዎች ጭምር መመርመር አለበት። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ዕቃ በእንግሊዝ አገር ከ1958 እስከ 1961 ዓ.ም. የተሠራችው፣ ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት የተባለችው ባለ ሁለት ወንበርና ባለ ሸራ ጣራ ትንሽ መኪና ናት። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው።

ጎማዋ ተንፍሶ፣ ሸራዋ ተቀዶ፣ የታችኛው ላሜራዋ በዝገት ተበልቶ በአንድ ጋራዥ ጥግ የቆመች ስፕራይት ለባለቤቷ የምታቀርበው ጥያቄ «ስንት ገንዘብ ትፈጃለች?» የሚል ነው። ለታሪክ ተመራማሪ የምታቀርበው ጥያቄ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ይኸውም «ይህች መኪና ስትታደስ የሚድነው ምንድን ነው? የሚጠፋውስ?» የሚል ነው። ለዚህ መልስ ለመስጠት፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ መጀመሪያ ስለ አመጣጧ፣ ቀጥሎም ስለ አሠራሯና ስለ እርጅናዋ እንናገራለን፤ በመጨረሻም ስለ እድሳቷ ያለንን አሳብ እናቀርባለን።

፩. አመጣጧ

በ1952 ዓ.ም. ሁለቱ ታላላቅ የእንግሊዝ የመኪና ኩባንያዎች፣ ኦስቲንና የሞሪስ ባለቤት የነበረው የናፊልድ ድርጅት፣ ተዋሕደው ብሪቲሽ ሞተር ኮርፖሬሽን የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። በዚያው ዓመት ዶናልድ ሂሊ የተባሉት መሐንዲስ በለንደን በተደረገው የመኪና ትርኢት ላይ አንዲት አዲስ የስፖርት መኪና አቀረቡ። ሂሊ በ1898 ዓ.ም. በኮርንዎል የተወለዱ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አይሮፕላን የነዱ፣ በ1931 ዓ.ም. ደግሞ የሞንቴ ካርሎን የመኪና ውድድር በኢንቪክታ መኪና ያሸነፉ ሰው ነበሩ። ዎሪክ በተባለው ከተማ የራሳቸው አነስተኛ ኩባንያ ነበራቸው። የታላቁ ኩባንያ መሪ ሊዮናርድ ሎርድ የሂሊን መኪና ባዩ ጊዜ ስለ ወደዷት በፋብሪካቸው በብዛት እንድትሠራ ተስማሙ። ኦስቲን ሂሊ የሚለው ጥምር ስም የመጣው ከዚህ ስምምነት ነው።

ይሁን እንጂ ያች መኪና ትልቅና ውድ ስለ ነበረች ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ወጣት ሊገዛት አይችልም ነበር። ከዚህ የተነሣ ሎርድና ሂሊ በ1956 ዓ.ም. ገደማ ስለ አንዲት ትንሽና ርካሽ የስፖርት መኪና ተነጋገሩ። ሎርድ አንድ ሰው ብስክሌቱን በሚያስቀምጥበት ማደሪያ ውስጥ የምትገባ መኪና እንደ ተመኙ በአፈ ታሪክ ይነገራል። ቃሉ እንደ ተባለው ይሁን አይሁን፣ አሳቡ ግን በመኪናዪቱ መጠን ላይ ይታያል፤ ርዝመቷ ከ3 ሜትር ተኩል አይበልጥምና።

ዘመኑም ለትንሽ መኪና የሚመች ነበር። የስዌዝ ቦይ በተዘጋ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ከታኅሣሥ 1956 እስከ ግንቦት 1957 ዓ.ም. ድረስ ቤንዚን በራሽን እንዲታደል አደረገ። የስፕራይት ንድፍ በተያዘበት ጊዜ የመጣው ይህ ችግር፣ ነዳጅ የሚቈጥብ ትንሽ ሞተር ምን ያህል እንደሚጠቅም ለሁሉም አስረዳ።

፪. አሠራሯ

ስፕራይት በግንቦት ወር 1958 ዓ.ም. በሞናኮ ለዓለም ጋዜጠኞች ታየች። ዋጋዋ በእንግሊዝ አገር ታክሱን ጨምሮ ከ700 ፓውንድ በታች ነበር። በዚህ ዋጋ የስፖርት መኪና ለመሥራት የተቻለው አብዛኛው ክፍሏ ቀድሞ ከነበሩት ተራ የቤተ ሰብ መኪናዎች ስለ ተወሰደ ነው። 948 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር፣ ካምቢዮውና የፊት እግሮቿ የተገኙት ኤ 35 ከተባለችው ኦስቲን ነው፤ ስተርዞዋ የተገኘው ከሞሪስ ማይነር ነው። ለሞተሩ ሁለት ካርቡራቶር ተጨመረለትና ጉልበቱ 43 የፈረስ ጉልበት ያህል ሆነ። ይህ ኀይል ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን መኪናዪቱ ቀላል ስለ ነበረች በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ለመሮጥ ትችል ነበር።

አዲስ የሆነው ቦዲዋ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የስፖርት መኪናዎች በአብዛኛው ከወፍራም ብረት የተሠራ ሻንሲ ነበራቸው፤ ቦዲው በሻንሲው ላይ ይቀመጥ ነበር። በስፕራይት ግን ባሪ ቢልቢ የተባሉት የሂሊ መሐንዲስ ሸክሙን የሚሸከመው ራሱ ቦዲው እንዲሆን አደረጉ። ከፊት ሞተሩን የሚይዙ ሁለት የብረት ክንዶች አሉ፤ ከእነዚህ በስተቀር መኪናዪቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዛት ወለሉ፣ ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የተዘረጉት ሣጥን መሰል ወራጆችና የኋላው ቅርፊት ነው። በብዛት ከተሠሩት የስፖርት መኪናዎች መካከል በዚህ ዘዴ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ስፕራይት ናት። የኋላው ባሌስትራ ግማሹ ብቻ ስለ ሆነና ጫፉ በወለሉ ውስጥ በተሠራ ሣጥን ስለሚታሰር፣ የኋላው ጎማ የሚያነሣው ሸክም ሁሉ በዚያ ሣጥን ላይ ያርፋል። ይህን ነገር አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ በኋላ ስለ ዝገት ስንናገር እንመለስበታለንና።

መልኳን የነደፉት ጄሪ ኮከር ናቸው። በእርሳቸው አሳብ የፊት መብራቶቹ በማይሠሩበት ጊዜ ወደ ኋላ ተጋድመው ሰማይ ሰማይ የሚያዩ፣ ሲያስፈልጉ ደግሞ የሚነሡ ነበሩ። ይህን የሚያደርገው መሣሪያ ዋጋዋን የሚያስወድድ ስለ ሆነ ተተወና መብራቶቹ በኮፋኖው ላይ እንደ ቆሙ ቀሩ። ሕዝቡም በዚህ ምክንያት «እንቁራሪት ዐይን» ብሎ ሰየማት። ዛሬ ሰብሳቢዎች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ይህ መልክ የተገኘው ወጪ ለመቀነስ ሲባል ነው። እንዲሁም ከኋላ የዕቃ መጫኛ ክዳን የላትም፤ ዕቃ የሚገባው ከወንበሩ ጀርባ ነው። የበር እጀታም ከውጭ የላትም፤ የሚከፍት ሰው እጁን ወደ ውስጥ አግብቶ ይከፍታል። የጎን መስተዋቷም የሚነቀልና የሚተከል እንጂ የሚወርድና የሚወጣ አይደለም።

የአሠራሯ መንገድም በዘመኑ የነበረውን የእንግሊዝ ኢንዱስትሪ ያሳያል። ላሜራዋ በዎልቨርሃምፕተን ተጨፍልቆ ቅርጽ ይይዛል፤ በስዊንደን ተበይዶ ቦዲ ይሆናል፤ በኦክስፎርድ አጠገብ በሚገኘው በካውሊ ቀለም ይቀባል፤ ከዚያም ወደ አቢንግደን ሄዶ በኤም ጂ ፋብሪካ ሞተርና ጎማ ይገጠምለታል። እንግዲህ አንዲት ርካሽ መኪና ከገዢዋ እጅ ከመድረሷ በፊት የአራት ከተማ ሠራተኞች እጅ ይነካት ነበር ማለት ነው።

በሦስት ዓመት ውስጥ 49 ሺህ የሚጠጉ ተሠሩ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ ተሸጡ፤ ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ዶላር ለማግኘት ትደክም ስለ ነበር ይህ ለአገሪቱ ጥቅም ነበረው። በውድድርም ቢሆን ትንሿ መኪና አላሳፈረችም፤ በ1958 ዓ.ም. በአልፓይን ራሊ፣ በ1959 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ በሴብሪንግ የ12 ሰዓት ውድድር በመደቧ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያለውን ቦታ ያዘች።

፫. እርጅናዋ

በ1961 ዓ.ም. የስፕራይት መልክ ተለወጠ። መብራቶቹ ወደ ፓራፋንጎው ወረዱ፤ ከኋላም የዕቃ መጫኛ ክዳን ተሠራላት። በዚያው ዓመት ኤም ጂ ሚጀት የተባለች መንትያዋ ወጣች። በ1964 ዓ.ም. የሚወርድ መስተዋትና የውጭ እጀታ ተጨመረላቸው፤ የኋላው ባሌስትራም ወደ ተለመደው ዓይነት ተቀየረ። ኩባንያው በ1968 ዓ.ም. ብሪቲሽ ሌይላንድ በተባለው ትልቅ ድርጅት ውስጥ ተጠቃለለ። አዲሶቹ አስተዳዳሪዎች ከሂሊ ጋር የነበረውን ውል ስላላደሱት ስፕራይት በ1971 ዓ.ም. አበቃች። ሚጀት እስከ 1979 ዓ.ም. ቆየች። በ1980 ዓ.ም. የአቢንግደን ፋብሪካ ራሱ ተዘጋ።

የፋብሪካው መዘጋት ለጉዳያችን ትልቅ ትርጉም አለው። ሠራተኞቹ ተበትነዋል። እነዚያ ሰዎች ምን ዓይነት ሥራ ይሠሩ እንደ ነበረ በጽሑፍና በፎቶግራፍ የቀረ ማስረጃ አለ፤ ነገር ግን ሥራቸው ራሱ ያለው በቀሩት መኪናዎች ላይ ነው።

መኪናዎቹስ እንዴት ሆኑ? የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ሲያገቡና ልጅ ሲወልዱ ባለ ሁለት ወንበር መኪና ስለማይበቃቸው ሸጧት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ባለቤት ገንዘቡ ያነሰ ወጣት ነበር። እርሱም በእሑድ ቀን በመንገድ ዳር ራሱ ይጠግናታል፤ ሞተሯ ሲደክም ከሌላ መኪና የተነቀለ ሞተር ይገጥምላታል፤ የበሰበሰውን ላሜራ በቁራጭ ቆርቆሮ ይለጥፋል፤ የቀረውን ቀዳዳ በስቱኮ ይሞላል። ይህ ጥገና የድህነት ጥገና ቢሆንም መኪናዪቱን በሕይወት ያቆየ ነው።

ዝገቱ የመጣው ከአሠራሯ ነው። ላሜራዋ ስስ ነው፤ ወራጆቹ ውስጣቸው ባዶ የሆነ ሣጥን ስለ ሆነ የገባው ውኃ በቀላሉ አይወጣም፤ የውስጡ ግድግዳ ደግሞ ከዝገት የሚከላከል በቂ ቅብ አላገኘም። በክረምት በእንግሊዝ መንገዶች ላይ በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው በዚህ ላይ ተጨመረ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚበሰብሰው ወራጁ፣ የበሩ ምሰሶ የታችኛው ጫፍ፣ የወለሉ ጥግና ከዚህ በላይ ያነሣነው የባሌስትራ ሣጥን ነው። በሻንሲ ላይ በተሠራ መኪና ቦዲው ቢዝግ መልኩ ይበላሻል እንጂ ጉልበቱ አይጠፋም፤ በስፕራይት ግን የዛገው ላሜራ ራሱ አጥንቷ ነው።

ሕግም የራሱ ድርሻ ነበረው። የእንግሊዝ መንግሥት በ1960 ዓ.ም. አሥር ዓመት የሞላቸው መኪናዎች በየዓመቱ እንዲመረመሩ አዘዘ። መጀመሪያ የሚመረመረው ፍሬን፣ መብራትና ስተርዞ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ሦስት ዓመት የሞላት መኪና ሁሉ እንድትመረመር ተደረገ፤ በ1977 ዓ.ም. የቦዲው ጥንካሬ በምርመራው ውስጥ ገባ። የባሌስትራ ሣጥኗ የበሰበሰ ስፕራይት ምርመራውን ለማለፍ ከዋጋዋ የበለጠ የብየዳ ወጪ ትጠይቅ ነበር። ብዙዎቹ ወደ ብረት መጣያ የሄዱት፣ ሌሎቹም «አንድ ቀን አድሳታለሁ» ተብለው በየጋራዡ የቆሙት በዚህ ምክንያት ነው።

፬. የእድሳቷ ጥያቄ

እንግዲህ ያች አንድ ቀን መጣች እንበል። ጥሩ ባለሙያ በመጀመሪያ የሚያደርገው መቁረጥ አይደለም። ቦዲዋ ራሱ ሸክም ተሸካሚ ስለ ሆነ፣ ሁለቱን ወራጆች በአንድ ጊዜ ቆርጦ የሚያወጣ ሰው መኪናዪቱ ከመካከሏ ስትጎብጥ ያያል፤ ከዚያ በኋላ በሮቿ አይገጥሙም። ስለዚህ በበሩ ቀዳዳ ላይ የብረት ድጋፍ በጊዜያዊነት ይበየዳል፤ አንዱ ጎን ተፈጽሞ በሩ ተገጥሞ ከታየ በኋላ ነው ወደ ሌላው የሚኬደው። እስከዚህ ድረስ በባለሙያዎች መካከል ክርክር የለም።

ክርክሩ የሚነሣው ምን ያህል ይለወጥ በሚለው ላይ ነው። አንደኛው ወገን መኪናዪቱ ከአቢንግደን በር በወጣችበት ቀን እንደ ነበረች መሆን አለባት ይላል። ይህን የሚረዳ መዝገብ አለ፤ በጌይደን የሚገኘው የእንግሊዝ የመኪና ሙዚየም የፋብሪካውን መዝገቦች ስለሚጠብቅ አንዲት መኪና መቼ እንደ ተሠራችና ቀለሟ ምን እንደ ነበረ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ይህ ወገን ግን ዓላማውን ለመፈጸም የዛገውን ብቻ ሳይሆን ያረጀውን ሁሉ ይጥላል፤ አልፎ አልፎም ፋብሪካው ያላደረገውን ያደርጋል። የስፕራይት ቀለም በካውሊ እንደ መስተዋት ተወልውሎ አልተቀባም፤ ዛሬ በትርኢት ላይ የሚሸለሙት ግን እንደዚያ የሚያበሩት ናቸው።

ሁለተኛው ወገን ለመንዳት የምትመች ትሁን እንጂ የውስጧ ዕቃ ቢለወጥ ግድ የለም ይላል። በዚህ ላይ አንድ ምሳሌ እንስጥ። በመጀመሪያዋ ስፕራይት የሞተሩን ዙር የሚያሳየው ሰዓት የሚዞረው ከዲናሞው ጀርባ በሚነሣ ገመድ ነው። ባለቤቱ ዲናሞውን አውጥቶ ዘመናዊ አልተርኔተር ቢያስገባ ለገመዱ መነሻ የሚሆን ነገር ስለማይኖር ሰዓቱ ይቆማል። ሰዓቱ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ይለወጣል። የመኪናዪቱ የኤሌክትሪክ መሥመር ደግሞ አዎንታዊው ጫፍ ከቦዲው ጋር የተያያዘ ስለ ነበር እርሱም ይገለበጣል። አንድ ዕቃ ለመለወጥ የተጀመረው ሥራ ሦስት ነገሮችን ለወጠ ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ጥያቄ ደግሞ የቦዲው ነው። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት በ1988 ዓ.ም. የኤም ጂ ቢ መኪናን ሙሉ ቦዲ በቀድሞው የፋብሪካ ቅርጽ ማውጫ እንደገና መሥራት ጀመረ፤ በኋላም የስፕራይት መንትያ ለሆነችው ለሚጀት ሠራ። ይህ ብዙ መኪናዎችን ከሞት ያዳነ ሥራ ስለ ሆነ ልናቃልለው አይገባም። ነገር ግን ቦዲዋ አዲስ፣ ሞተሯ ከሌላ፣ ወንበሯም ዛሬ የተሰፋ መኪና ላይ የአሮጌዋ የቁጥር ሰሌዳ ቢመታ፣ የቀረው አሮጌ ነገር ቁጥሩ ብቻ ነው። እንዲህ ያለችውን መኪና «የ1959 ዓ.ም. መኪና ናት» የሚል ሰው ስለ ቁጥሩ እውነት ይናገራል፤ ስለ መኪናዪቱ ግን አይናገርም።

የዓለም ታሪካዊ መኪናዎች ፌዴሬሽን በ2012 ዓ.ም. የቱሪን ቻርተር የተባለውን መመሪያ አጽድቋል። የመመሪያው ፍሬ ነገር፣ ታሪካዊ መኪና የባህል ቅርስ ስለ ሆነች በተቻለ መጠን የኖረውን አካል መጠበቅ፣ የሚደረገውንም ለውጥ መመዝገብ ይገባል የሚል ነው። የእንግሊዝ ሕግም ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ አርባ ዓመት የሞላቸውን መኪናዎች ከዓመታዊው ምርመራ ነፃ ሲያደርግ፣ መሠረታዊ ለውጥ የተደረገባቸውን ከዚህ ነፃነት ለይቷቸዋል። መኪናዪቱ የቀድሞዋ ናት ወይስ ሌላ ናት የሚለው ጥያቄ የፈላስፋ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

፭. አሳባችን

እኛ ከሁለቱም ወገን ጋር በሙሉ አንስማማም። የመጀመሪያው ወገን መኪናዪቱ አንድ ቀን ብቻ የኖረች፣ ይኸውም ከፋብሪካ የወጣችበትን ቀን ብቻ የኖረች ያስመስላታል። ነገር ግን ያ ገንዘብ ያነሰው ወጣት በመንገድ ዳር የለጠፈው ቁራጭ ቆርቆሮም የታሪኳ ክፍል ነው፤ ርካሽ የስፖርት መኪና የተሠራችው ለእንደዚህ ያለው ሰው አልነበረምን? ሁለተኛው ወገን ደግሞ ምቾትን ከምስክርነት ያስበልጣል።

ይህን ስንል ግን የበሰበሰ የባሌስትራ ሣጥን ለታሪክ ሲባል ይቆይ ማለታችን አይደለም። እርሱ ነጂውንና መንገደኛውን የሚገድል ነው፤ ስለዚህ ይቆረጥ፣ በጥሩ ብረትም ይተካ። የምንለው ሥራው በሥርዓት ይሁን ነው። አንደኛ፣ ማናቸውም ነገር ከመቆረጡ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣ፣ ልኩም ይጻፍ። ሁለተኛ፣ አንድ ክፍል ጉልበት የሚሸከም ካልሆነና ሊቆይ የሚችል ከሆነ፣ ባያምርም እንኳ ይቆይ፤ በተለይ በዳሽቦርዱ ጀርባና በወንበሩ ሥር የተደበቀው የፋብሪካው ቀለም አይፋቅ። ሦስተኛ፣ አዲስ የገባው ላሜራ ከውስጥ በኩል የተሠራበት ዓመት ይጻፍበት፤ የሚመጣው ትውልድ አሮጌውን ከአዲሱ ይለይ ዘንድ። አራተኛ፣ የወጣው አሮጌ ክፍል ከነምልክቱ ይቀመጥ፤ መኪናዪቱም ስትሸጥ ከመዝገቧ ጋር ትሸጥ።

ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። የስፕራይት መልክ የወጣው ከቁጠባ ነው፤ ዝገቷም የመጣው ከዚያው ቁጠባ ነው፤ ለጥቂት ዓመት እንድታገለግል እንጂ ስድሳ ዓመት እንድትኖር ማንም አላሰበላትም ነበር። የሠሯት ሰዎች ፋብሪካቸው ተዘግቷል። እነርሱ በብየዳ ያያያዙትን ላሜራ ሳይመዘግብ ቆርጦ የሚጥል አዳሽ፣ መኪናዪቱን ያድን ይሆናል፤ የሠራተኞቹን እጅ ግን ለሁለተኛ ጊዜ ያሰናብታል። በአንድ ጋራዥ ጥግ የቆመችውን አሮጌ ስፕራይት ለማደስ የተነሣ ሰው መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት እርሳስና ወረቀት ያንሣ የምንለው ስለዚህ ነው።